የተውሽው ነገር አለ

ይህን ጽሑፍ ስጀምረው ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ሁለቱን ጊዜ ስለ ካርታው ጽፌ አጠፋሁት። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ካርታው አይደለም። አንዲት እናት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጣ፣ ቀበቶዋን እያሰረች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ያለችኝ አራት ቃል ነው። “እህቴ፣ የተውሽው ነገር አለ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ ሳጥብም፣ ልጄን ስጠብቅም፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜም ይመጣብኛል። እንደሆነው ልንገራችሁ።

በ2025 ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ነው። ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለምትኖሩ ስለ ባውንደሪው ማስረዳት አያስፈልገኝም። በየቡናው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሌላ ወሬ አልነበረም። ራቅ ብላችሁ ላላችሁ ባጭሩ፦ በ1987 የተዘጋው ውድዋርድ ሃይስኩል እንደ አዲስ ተሠርቶ በ2027 ሃይስኩል ሆኖ ሊከፈት ነው። ጌዘርስበርግ ውስጥም ክራውን የሚባል አዲስ ሃይስኩል አለ። አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት ተማሪው ከሰማይ አይወርድም፤ ከሌሎቹ ተቀንሶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የብዙ ትምህርት ቤቶች ወሰን፣ ባውንደሪ የምንለው የየትኛው ሰፈር ልጅ የት እንደሚማር የሚወስነው መስመር፣ እንደገና ሊሰመር ሆነ። ማን የት ይማር የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ገባ።

ጣቴ ካርታው ላይ

ስብሰባውን የጠራነው እኛው ወላጆች ነን። ቢሮም ትምህርት ቤትም የለበትም። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ክፍል ተይዞ፣ ቅዳሜ ከሰዓት 20 የምንሆን ሰዎች ተሰበሰብን። የቀረቡትን አማራጮች አብረን አይተን፣ ለትምህርት ቦርዱ የምንልከውን አስተያየት ለማዘጋጀት ነበር። “አማርኛ ብቻ የሚናገሩ እናቶች ይመጣሉ፣ ትተረጉሚላቸዋለሽ?” ሲሉኝ ደስ እያለኝ እሺ አልኩ። ካውንቲው ሰነዶቹን በአማርኛ ያወጣል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ወረቀት ማንበብና ሰው ሲከራከር መስማት ለየቅል ናቸው። ጠረጴዛ ላይ የሚባለው ነገር ወረቀቱ ላይ የለም።

ከተጠበቁት እናቶች የመጣችው አንዲት ብቻ ናት። ከሥራ ነው የመጣችው። የሆቴል ጽዳት ዩኒፎርሟን በጃኬት ሸፍናዋለች። የጎንደር ሰው ናት። እዚህ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው። የሰባተኛ ክፍል ወንድ ልጅና የአንደኛ ክፍል ሴት ልጅ አላት። የምትኖረው ከትልቁ መንገድ ማዶ፣ ሁላችንም “አፓርታማዎቹ” እያልን የምንጠራቸው ቀያይ ሕንፃዎች ውስጥ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ካርታዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጉ። እያንዳንዱ አማራጭ በየቀለሙ ነው፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ያደረገው ነገር አንድ ነው። ጣቱን ካርታው ላይ አድርጎ ቤቱን ፈለገ። እኔም ፈለግሁ። አንደኛው አማራጭ የእኛን መንገድ ከምንወደው ሃይስኩል አውጥቶ ሩቅ ቦታ ይሰጠዋል። ሌላኛው እኛን ባለንበት ትቶ አፓርታማዎቹን ወደ እኛ ያመጣል። የቀሩትን በደንብ አላየኋቸውም። የራሴን ቤት ካገኘሁ በኋላ ዓይኔ ከዚያ አልተነሣም። ልጄም ሰባተኛ ክፍል ናት። በ2027 ሃይስኩል ትገባለች። ይህ ካርታ ስለ እሷ ነው የሚያወራው።

ቦርዱ ወሰን ሲያሰምር አራት ነገሮችን እንዲመዝን የራሱ ፖሊሲ ያዘዋል። የተማሪዎቹን ስብጥር፣ የቦታውን አቀማመጥና ርቀት፣ ልጆች በየጊዜው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እንዳይገፉ፣ የሕንፃውን አቅም። እነዚህን ለእናቲቱ አንድ በአንድ ተረጎምኩላት። የመጨረሻውን “ትምህርት ቤቱ ስንት ተማሪ ይችላል ማለት ነው” አልኳት። “ገባኝ” አለች፣ “እንደ ሠርግ ድንኳን።” ከዚህ የተሻለ ትርጉም እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እኔም ደስ አለኝ። ሥራዬን በደንብ እየሠራሁ መሰለኝ።

“ምን አሉ?”

ከዚያ አንድ ሰው ለመናገር ተነሡ። ስማቸውን አልጠራም፤ ጋሼ ልበላቸው። ብታውቋቸው ትወዷቸዋላችሁ። ለቅሶ ቤት ቀድመው ይደርሳሉ። አዲስ የመጣ ሰው ሥራ ሲያጣ ስልክ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ለ15 ዓመት ቀን ፓርኪንግ፣ ሌሊት ታክሲ ሠርተው ነው ቤታቸውን የገዙት። ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ ነው የሚርቁት።

በእንግሊዝኛ ነው የተናገሩት። ያሉትን ልቀንስ አልችልም፤ አንዴ ቀንሼው ነው እዚህ የደረስኩት። “እኔ 15 ዓመት ሁለት ሥራ የሠራሁት ልጄ ከእነዚያ አፓርታማዎች ልጆች ጋር እንዲቀመጥ አይደለም” አሉ። “ወላጆቻቸው ለትምህርት ግድ የላቸውም። አንድ ስብሰባ ላይ እንኳ መጥተው አያውቁም። እነሱ የመጡ ቀን ትምህርት ቤቱም ይወርዳል፣ የቤታችንም ዋጋ ይወርዳል።”

አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። አንዳንዱ ስልኩን አየ። መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

እናቲቱ ወደ እኔ ጠጋ አለች። የሳሙና ሽታ ነበራት፤ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ዓይነት ሳሙና። “ምን አሉ?” አለችኝ።

ያቺን ደቂቃ ደጋግሜ አስቤያታለሁ። ደቂቃም አትሞላም። አፌ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። አንደኛው እሳቸው ያሉት ነው። ሁለተኛው እኔ የፈጠርኩት ነው። የፈጠርኩት ቀለለኝ።

“ትምህርት ቤቱ እንዳይጣበብ ሰግተው ነው” አልኳት።

“እሺ” አለች። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ካርታው ተመለሰች።

ለምን እንዲህ አደረግሁ? መጀመሪያ ለራሴ የሰጠሁት መልስ ደግ ነበር። እንዳይከፋት ነው አልኩ። ከሥራ ደክማ ለመጣች ሴት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት አፍ አውጥቼ እነግራታለሁ? ቀጥሎ የመጣው መልስ ትንሽ የከረረ ነው። ስለ ጋሼ ብዬ ነው። አንድ ደብር ነው የምንሳለመው። ነገ እዚያው ይገናኛሉ፤ እንዴት ይተያያሉ? ሦስተኛው መልስ ሌሊት ነው የመጣው፤ እሱን መጻፍ ይከብደኛል። ጋሼ ያሉትን ሙሉውን ብተረጉምላት ቀና ብላ ታየኝና “አንቺስ ምን ትያለሽ?” ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ መልሱ አልነበረኝም። ቤቴን ካርታው ላይ ያገኘሁት ከአሥር ደቂቃ በፊት ነበር።

መኪና ውስጥ

ስብሰባው ሲያልቅ መሽቷል። አውቶቡስ ልትጠብቅ ስትወጣ “ነይ ላድርስሽ” አልኳት። ገባች። ቀበቶዋን እያሰረች ያን አራት ቃል ተናገረች።

“ምኑን?” አልኳት። የማላውቅ መሰልኩ።

“እንጃ። ‘አፓርትመንት’ ሲሉ ሰማኋቸው። ይህን ቃል የማያውቅ ማን አለ? በየወሩ የምከፍለው ነው። ‘ፓረንትስ’ ሲሉም ሰምቻለሁ፤ ከትምህርት ቤት የሚላክልኝ ወረቀት ሁሉ በሱ ነው የሚጀምረው። ፊታቸውንም አይቻለሁ። ስለ መጣበብ የሚናገር ሰው ፊቱ እንደዚያ አይሆንም።”

ሞተር አላስነሣሁም። ሁሉንም ነገርኳት። አንድ ቃል አላስቀረሁም። ስትሰማ ዝም ብላ ነው። ስጨርስ “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ።

እኔ የጠበቅሁት እንድታለቅስ ወይም እንድትቆጣ ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። “ብትነግሪኝ እኮ መልስ ነበረኝ” አለች።

ልቤን የነካው ይኼ ነው። መልስ ነበረኝ።

“አይመጡም ላሉት፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ዛሬ ለመምጣት እሑድን ለጓደኛዬ እሠራላታለሁ ብዬ ነው የወጣሁት። ይህን በአማርኛ እነግራቸው ነበር። እሳቸው አማርኛ ያውቃሉ። አንቺም አታስፈልጊኝም ነበር።”

ከዚያ ጭራሽ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገረችኝ። “እሳቸው እንዳይመጡብኝ የሚሉት ልጄን ነው። እኔም እኮ እንዲሄድ አልፈልግም።”

አስረዳችኝ። አሁን ባለው ወሰን ልጇ የሚገባበት ሃይስኩል በእግር ይደረሳል። ከሁለት ማይል በታች ስለሆነ ቢጫው አውቶቡስ አይሰጠውም፤ እሱም አያስፈልገውም። እዚህ ካውንቲ ሃይስኩል የሚለቀቀው በዚህ አገር ሰዓት 2:30 ላይ ነው። የእህቱ ትምህርት ቤት 3:25 ላይ ይለቀቃል። እሷ ከሆቴል የምትወጣው 4:30 ነው። ስለዚህ በ2027 ልጁ በእግሩ ሄዶ እህቱን ይቀበላታል። ይህን ሁሉ ገና ዛሬ አስባ ጨርሳዋለች። 55 ደቂቃ አለው። ወደ እኛው ትምህርት ቤት ከዞረ ግን በአውቶቡስ ነው የሚመለሰው። አውቶቡሱ ሰፈሩን ሁሉ ዞሮ ነው የሚያወርደው። 55 ደቂቃው ያልቃል። ኳስ መጫወት ከጀመረማ አለቀ። ሕፃኗን በር ላይ ማን ይቀበላታል?

“ልጄ እንዲማርማ እፈልጋለሁ። ጥሩ ትምህርት ቤት ማን ይጠላል? ግን የልጄን ነገር የማውቀው እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም።”

አያችሁ? ሁለቱ ሰዎች ያንኑ አማራጭ ነው የሚቃወሙት። አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ክንድ ለክንድ ተቀምጠው፣ አንድ ቋንቋ እየቻሉ። በመካከላቸው ያለሁት እኔ ነበርኩ። እሳቸው የፈሯት እናት የምትፈልገውን አላወቁም። እሷም የተባለባትን አላወቀችም። ያንን ቃል ባሳልፈው ክፍሉ ውስጥ ጠብ ይነሣ ነበር ይሆናል። ይነሣ! ከጠቡ በኋላ 55 ደቂቃው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ ነበር።

አባቴ “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይል ነበር። እኔ ቅርንጫፉን ቆርጬ ሰጠኋት።

“አበሻ አለች ብዬ አላሰብኩም”

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼን ፈለግኋቸው። ግቢው ውስጥ ጸበል ጸዲቅ እየተበላ ነበር። ወደ ዳር ወሰድኳቸውና “ጋሼ፣ ቅዳሜ ዕለት አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ያውቋታል?” አልኳቸው።

“የትኛዋን?”

“ከአፓርታማዎቹ ናት።”

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። እጃቸው ላይ ያለውን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጡ። “እኔ እኮ ስለ እሷ አላልኩም” አሉ። “አበሻ አለች ብዬ መች አሰብኩ?”

ላጽናናቸው ፈልጌ ነበር። አፌ ከእኔ ቀድሞ “ታዲያ ስለ ማን ነበር?” አለ።

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ስለ ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አፓርታማዎቹ ውስጥ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላ፣ ከሆንዱራስ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ስለ እነሱ ነበር። እነሱ ከሆኑ ይባላል ማለት ነው? እነሱም ቅዳሜ ሥራ ላይ ነበሩ። እነሱም 55 ደቂቃ አላቸው። ልጄን ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት በኋላ የጠበቀችልኝ ሴት የሳልቫዶር ሰው ናት። ልጄ ሲያማት የምትዘምርላት በስፓኒሽ ነበር። እኔ ቅዳሜ ዕለት ስለ እሷም ዝም ብያለሁ። ይኼ እስከዚያች እሑድ ድረስ አልታየኝም ነበር። ለእናቲቱ ያዘንኩት የኔ ሰው ስለሆነች ነው። ጋሼም የደነገጡት በዚያው ምክንያት ነው። ያው ነን።

ጋሼ ቆይተው “እኔም እዚያው አፓርታማ ነበር የጀመርኩት” አሉኝ። “ስድስት ሆነን አንድ ቤት። ሽማግሌ ሆኜ ተመልሼ እዚያ የምገባ ይመስለኛል። ቤቴ ዋጋው ሲወርድ ይታየኛል፣ በሕልሜ።” ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያሉት ተብሏል። ግን ይህን ሳልሰማ ብቀር ኖሮ ጋሼን አንድ ቀን የተናገሩት ነገር ብቻ አድርጌ አስቀራቸው ነበር። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው። 15 ዓመታቸው ያ ቤት ውስጥ አለ። ሌላ ቁጠባ የላቸውም።

ለሷ ይንገሯት አልኳቸው። “አፍራለሁ” አሉ።

ስብጥር

እቤት ስመለስ ያን ሁሉ የተረጎምኩትን ወረቀት እንደገና አወጣሁ። “የተማሪዎቹ ስብጥር” ብዬ ያለፍኩት ቃል ላይ ቆምኩ። እሱንም አለስልሼዋለሁ። ስብጥር ማለት ምን ማለት ነው? ድሃና ባለጠጋ አብረው ይማሩ ወይስ ለየብቻ፣ ጥቁርና ነጭ፣ እንግሊዝኛ ቤቱ የሚነገርለትና የማይነገርለት። ቤተሰቡ አቅም ስለሌለው ነፃ ምሳ የሚያገኘው ልጅ እዚያ ወረቀት ላይ በመቶኛ ነው የተጻፈው። ልጄም መዋዕለ ሕፃናት ሳለች ያ መቶኛ ውስጥ ነበረች። ጋሼ ልጃቸው አብሯቸው እንዳይቀመጥ ከፈሯቸው ልጆች አንዷ ነበረች ማለት ነው።

የትምህርት ቢሮው ለረጅም ዓመታት ዋና መሥሪያ ቤት ያደረገው ሮክቪል ያለው ሕንፃ ካርቨር ይባላል። ብዙዎቻችን ወረቀት ለማስገባት ሄደንበታል። በ1951 ሲከፈት ሃይስኩል ነበር። የካውንቲው ጥቁር ልጆች ብቻ የሚማሩበት ሃይስኩል። ቅርባቸው ያለውን የነጮች ትምህርት ቤት እያለፉ፣ ከካውንቲው ጫፍ እስከ ጫፍ በአውቶቡስ ወደዚያ ይሄዱ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 በዘር የተከፈለ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው ካለ በኋላ፣ ካውንቲው በ1955 ቀስ በቀስ ማደባለቅ ጀመረ። ካርቨርም በ1960 ተዘግቶ ቢሮ ሆነ። “ስብጥር” የሚለው ቃል እዚያ ፖሊሲ ውስጥ የገባው ለጌጥ አይደለም። ከእኛ በፊት የመጡ ሰዎች ከፍለውበታል። እኛ ኢትዮጵያውያን ዛሬ በፈለግነው ሰፈር ቤት ገዝተን ልጆቻችንን የምንልከው እነሱ በከፈሉት ነው። ይህን ስናስብ አላይም። ስለ ቤት ዋጋ ስናወራ ግን አያለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ሄዘር ሽዋርትዝ የምትባል ተመራማሪ በዚሁ በእኛ ካውንቲ ያጠናችውን በ2010 አውጥታለች። ካውንቲው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ትልቅ አዲስ ሰፈር የሚሠራ ሁሉ የተወሰኑ ቤቶችን አቅም ለሌላቸው እንዲመድብ የሚያስገድድ ሕግ አለው። ከእነዚያ ቤቶች የተወሰኑትን የካውንቲው የቤቶች ድርጅት ገዝቶ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ያከራያል፤ ማን የት እንደሚደርሰው የሚወሰነው እንደ ዕጣ ነው። ሽዋርትዝ 850 ያህል ልጆችን ከ2001 እስከ 2007 ተከታተለች። ድሃ ልጆች ባልበዙበት ኤለመንተሪ የገቡት፣ ድሃ ልጆች በበዙበት ከገቡት በልጠው ተገኙ። ያውም ካውንቲው ለእነዚያኞቹ ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ገንዘብ እያፈሰሰ። ኤለመንተሪ ሲጨርሱ በሒሳብ ከካውንቲው የተሻለ ኑሮ ካላቸው ልጆች ጋር የነበራቸው ልዩነት በግማሽ ጠበበ። ይህ ቁጥር ትልቅ ነው። እኔ አፓርታማዎቹ ወደ እኛ ይምጡ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን አልኩት። ቅዳሜ ዕለት ግን አላልኩትም።

ግን መኪናዬ ውስጥ የተቀመጠችው እናት ይህን ጥናት ሰምታ 55 ደቂቃዋን አትረሳም። ልክ ናት። ልጇን የሚጠቅም ነገር ሕፃኗን በር ላይ ካስቆማት ጥቅም አይደለም። ወሰኑን የሚያሰምሩት ሰዎች ከመስመሩ ጋር አውቶቡሱንም፣ ሕፃናት ከትምህርት በኋላ የሚቆዩበትን ቦታም አብረው ያምጡ። ገንዘቡ ያስፈልጋል፤ ይመደብ። ይህ ሳይኖር አፓርታማዎቹን ካርታ ላይ ማዞር ቀለም መለወጥ ብቻ ነው። እኔ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው የምፈልገው፤ መቀላቀሉንም፣ እሷ መጠየቋንም። ከሷ በፊት ሁለተኛውን አስቤው አላውቅም።

አዲስ አበባ ባደግሁበት ሰፈር የቤት ሠራተኛዋም ልጅ የባለ ሱቁም ልጅ አንድ ክፍል ነበርን። በፈረቃ፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነን። ያ ጊዜ ነፍ ችግር ነበረው፤ ልጅነት ስለሆነ አላሳምረውም። ዛሬ እዚያም አቅም ያለው ልጁን የግል ትምህርት ቤት ነው የሚልከው። እዚያ አጥሩ በክፍያ ነው፤ እዚህ ደግሞ በቤት።

የጻፍነው

አስተያየት የሚገባበት ቀን ሊያልፍ ሲል እናቲቱ ቤቴ መጣች። ሕፃኗን ይዛ ነው። ልጇ ከእኔ ልጅ ጋር ሳሎን ተቀምጦ ስልክ ያያሉ። አብረው ሃይስኩል ይገቡ ይሆናል፣ አይገቡም ይሆናል። ቡና አፈላሁ። ላፕቶፑን ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩ።

“አንቺ ተናገሪ፣ እኔ እጽፋለሁ” አልኳት። “በአማርኛ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ እንዳልሽው። እንግሊዝኛው በኋላ፣ ከሥሩ።”

ስለ 2:30 ተናገረች። ስለ 3:25። አውቶቡስና ከትምህርት በኋላ መቆያ ካለ ልጄን ወደዚያ እልካለሁ፣ ከሌለ አልልክም አለች። ጎረቤቶቿ፣ የሳልቫዶሮቹም፣ ያው ችግር እንዳለባቸው ተናገረች። ጠይቃቸዋለች፤ በእጅ ምልክትና በልጆቻቸው አስተርጓሚነት። የአራት ቤተሰብ ሰዓት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ መጥታ ነበር። ሁሉንም አስገባሁ።

የወላጆቹን ግድ የለሽነት በተመለከተም ተናገረች። እሱን ስጽፍ እጄ ትንሽ ዘገየ። አየችኝ። “አንብቢልኝ” አለች። አነበብኩላት። አንድ ቃል ላይ አስቆመችኝ፤ “እኔ ‘ይንቁናል’ ነው ያልኩት፤ ‘አይረዱንም’ አላልኩም።” መለስኩት።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ጨረስን ብዬ ላስቀምጠው ስል “ቆይ፣ አንድ ነገር ቀረ” አለች።

“እሺ፣ በይ።”

“ስብሰባ ላይ መጥቼ ነበር፣ ግን የተነገረው ሁሉ አልተተረጎመልኝም ብለሽ ጻፊ።”

ቀና ብዬ አየኋት። ስኒዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። ዓይኗ ላይ ቁጣ የለም።

ጻፍኩት። ከዚያ እንግሊዝኛውን ጀመርኩ።